አምስት ወር ሐውልት ስስል፦ ዙሪያውን የተውኩባቸው ስኬቾችና ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ

ሰላም የስኬች ጓደኞቼ፣ ጥቅምት ላይ በየሳምንቱ አንድ የአዲስ አበባ ሐውልት ጋ ሄጄ ቁጭ ብዬ እስላለሁ ብያችሁ ነበር፣ ይኸው አምስት ወር ሞላኝ፣ ደብተሬ ላይ 23 ስኬች፣ ማለት ፈጣን የእርሳስ ሥዕል፣ አለ፣ ጥቂቱ ደስ ይለኛል ሌላው ገና ነው፣ ግን ዛሬ ስለ ሼድ አሰጣጥ ምናምን ላወራ አይደለም፣ እጄን ከሚያሻሽለው ልምምድ ይበልጥ አስተያየቴን የቀየረው ነገር ስላለ እሱን ላካፍላችሁ ነው።

የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ስስል የነበረው ሐውልቱን ብቻ ነው። ጀርባው ነጭ ወረቀት። ፎቶ እያየሁ ስለተለማመድኩ ይመስለኛል፣ መስመሩ ልክ ከሆነ ፕሮፖርሽኑ (የክፍሎቹ መጠን እርስ በርስ) ከተስተካከለ በቃ አለቀ ብዬ ነበር የማስበው። ብሔራዊ ትያትር ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ ታውቁታላችሁ፣ ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራፂ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ ዓመት የንግሥ ኢዮቤልዩ የሠራው፣ እሱን ሦስት ቅዳሜ ደጋግሜ ሳልኩት፣ ጋማው ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለተጠረበ ለጀማሪ ጥላና ብርሃን መለያ በጣም አሪፍ ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ አጠገቤ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ደብተሬን ዘንበል ብሎ አየና «ጋሼ፣ ሕንጻውን ለምን ተዉት?» አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከአንበሳው ጀርባ የንግድ ባንክ አዲሱ ሕንጻ፣ ከ200 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው መስታወት፣ ሰማዩን ሞልቶት ቆሟል፣ እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደሌለ ቆጥሬ ስዬዋለሁ። ልጁ ግን በየቀኑ የሚያያቸው አንድ ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራሬን ቀየርኩ። አንድ ሐውልት ጋ ስደርስ መጀመሪያ ደብተር አላወጣም፣ ዙሪያውን እዞራለሁ፣ ከዚያ ከሦስት ቦታ ሆኜ ትንንሽ ስኬች፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል፣ አምስት አምስት ደቂቃ እሠራለሁ፣ አንዱ ከመንገድ ማዶ፣ አንዱ ከሥሩ ቀና ብዬ፣ አንዱ ሰው በብዛት ከሚያልፍበት በኩል። እርሳሱን ክንዴን ዘርግቼ ይዤ ስለካው የብሔራዊው አንበሳ ከማዶ ሆናችሁ ሕንጻው አብሮ ሲገባ ከጣት ጥፍር አይበልጥም፣ እንደ ጌጥ ነው የሚመስለው። ሥሩ ደርሳችሁ ሌላውን ጎን ስትይዙ ደግሞ መስታወቱ ከእይታችሁ ይወጣና ደረቱ ብቻ ከፊታችሁ ይቆማል፣ ድንጋዩ ይከብዳል፣ ያው የ1955 እ.ኤ.አ. አንበሳ ነው ግን እዚያ ጋ ነው ግርማው የሚሰማኝ። ቀራፂው ሲሠራው ከጀርባው እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ እሱ ያሰበውን ለማግኘት መቆሚያ መምረጥ አለብን ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ያነበብኩትና የሳልኩት የለገሃሩ አንበሳ ነው። እሱ በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ባቡር ጣቢያው ፊት የቆመ ነው፣ ከጅቡቲ የመጣ እንግዳ ከጣቢያው ሲወጣ አዲስ አበባ ብሎ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር፣ የደጅ አስተናጋጅ በሉት። ጣልያን ሲገባ ነቅሎ ሮም ወሰደውና ለዶጋሊ ሟቾች በተሠራው ሐውልት ሥር አቆመው። ዶጋሊ ማለት ራስ አሉላ በጥር 1879 የጣልያንን ጦር የመቱበት ነው፣ እና አስቡት፣ የአንበሳው አንድ ፀጉር አልተነካም፣ ያው ነሐስ ያው አቋም ነው፣ ግን ከነጣልያን መታሰቢያ ሥር ሲቀመጥ ንጉሥ የነበረው ምርኮኛ ሆነ። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. እዚያ ቦታ ጎራዴ የመዘዘው ይህን አይቶ ነው፣ አንበሳውን ሲያይ ተንበርክኮ ጸለየ ነው የሚባለው። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ሐውልት መሳል ከጀመርኩ በኋላ ነው ዘርዓይን ያቃጠለው ምን እንደሆነ በዓይኔ የመጣልኝ፣ አንበሳው ሮም መኖሩ ብቻ አይደለም፣ ከምን ሥር እንደቆመ ነው።

አሁን አንበሳው ቤቱ ከተመለሰ ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኖታል ግን የድሮው ባቡር ከዚያ ጣቢያ አይነሳም፣ አዲሱ የጅቡቲ መስመር መነሻው ከከተማው ዳር ነው። ስለዚህ እንግዳ የሚቀበል ሆኖ የተሠራ ሐውልት እንግዳ የማይወጣበት በር ፊት ቆሟል። እኔ በጣም ያሳዝነኛል፣ እውነቴን ነው፣ ጣቢያውን ጀርባ አድርጌ፣ ከባቡር እንደወረደ ሰው ቆሜ ስስለው ነው ትክክል የሆነልኝ፣ ከመንገዱ በኩል የሳልኳቸው አራቱም አልሆኑም።

ታህሳስ ላይ ስድስት ኪሎ ሄድኩ፣ ያሰብኩት የየካቲት 12ን የሰማዕታት ሐውልት ብቻ ነበር። አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሩት፣ ረጅሙን ድንጋይ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ሁሉም ያየዋል፣ ጭፍጨፋውን የሚያሳዩት የነሐስ ቅርፆች ግን በእግሩ ቀርቦ ለሚዞር ሰው ብቻ ነው ራሳቸውን የሚያሳዩት፣ እኔ ስንት ዓመት በዚያ መንገድ ተመላልሼ አንድም ቀን ፊታቸውን አላየሁም ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣልያኑ ገዢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት ግቢ ደግሞ ከአደባባዩ ብዙም አይርቅም፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲው ያለበት። ቅርፁን አይታችሁ ቀና ስትሉ የግቢውን በር ታያላችሁ። ይህ ሐውልት ሌላ ሰፈር ቢተከል ያማረ ድንጋይ ይሆን ነበር፣ እዚህ ግን ምስክር ነው።

ግቢው ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ፊት ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ያያችሁት ትኖራላችሁ፣ ጣልያኖች የፋሺስትን የሥልጣን ዓመታት በየደረጃው እየቆጠሩ የሠሩት ነው፣ ወደ የትም አያደርስም፣ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አላፈረሱትም እኮ! ከላዩ አንበሳ አስቀመጡ፣ በቃ ቆጠራው በሙሉ የአንበሳው መቆሚያ ሆነ። የለገሃሩን አንበሳ ታሪክ ይዤ ስለሄድኩ እዚያ ቆሜ ብዙ ቆየሁ፣ ሮም ላይ አንበሳችንን ከሐውልታቸው ሥር አደረጉት፣ እዚህ አንበሳችን ደረጃቸው ላይ ወጣ። ከ23ቱ ስኬቾቼ የምወደው ይህ ነው፣ አንበሳው በጣም ትንሽ ስለሆነ ደረጃውን በደንብ መጀመሪያ ካልሠራችሁት ትርጉም የለውም።

ፒያሳን ቶሎ ልለፈው፣ ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ ግን ገና አልያዝኩትም። የምኒልክ ሐውልት ዙሪያው በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ተቀይሯል፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተሠርቷል፣ የድሮው ፒያሳ ብዙው ፈርሷል፣ ሰማዩ ሰፍቷል፣ ፈረሱ ፊት እግሩን ያነሳበት ባዶ ቦታ ድሮ ከማውቀው የበለጠ ይታያል። ከእሱ ወረድ ብሎ ያሉት አቡነ ጴጥሮስ ግን አንድ ነገር አስተማሩኝ። ሐውልታቸው ለቀላል ባቡሩ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ነው የተመለሰው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቦታው «አቡነ ጴጥሮስ» መባሉን አልተወም። ሐውልቱ ለቦታው ስም ሰጠው፣ ቦታው ደግሞ ሐውልቱ በሌለበት ስሙን ጠበቀለት።

ለምትጀምሩ፣ ወፍራም ላጲስ አትያዙ፣ ደብተሩ ኤ5 ይሁን ቆማችሁ እንድትሠሩበት፣ ሐውልቱን ከማስመራችሁ በፊት ከጀርባው ያለውን የሰማይ ቅርፅ አውጡ፣ እሱ ከወጣ ሐውልቱ ግማሹ ወጥቷል። ሰዓቱንም ጻፉበት፣ እኔ ኅዳር ላይ ስላልጻፍኩ ጥላው ጠዋት ይሁን ከሰዓት አሁን መለየት አልቻልኩም። ጥበቃ ከመጣ ደብተሩን ክፍት አድርጋችሁ አሳዩ፣ እኔን ሁለቴ ጠይቀውኝ አንደኛው ጭራሽ የሚሻል ጥላ አሳይቶኛል።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ለገሃር ነኝ፣ ፀሐይዋ አንበሳው ላይ ስታርፍ መያዝ እፈልጋለሁ፣ ጣቢያውን ጀርባ አድርጌ ነው የምቆመው፣ የምትመጡ ካላችሁ እዚያው ታገኙኛላችሁ።