ተማሪው ገባው ወይስ ገመተ?

ተማሪው ጥያቄውን በትክክል መለሰ። እና ገብቶታል ማለት ነው? አስተምሮ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ቶሎ አያምንም። ከምርጫዎቹ አንዱን በግምት መርጦ ሊሆን ይችላል። ያለፈውን ጥያቄ አካሄድ ሳይገባው ደግሞትም ይሆናል። ከተሳሳተም ያው ነው፤ አሳምሮ የሚያውቀውን ነገር የመቀነስ ምልክቷን ሳያያት ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ከዳታ እየተማረ እንዲገምት የማድረግ ዘዴ፣ እዚህ ጉዳይ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የዘርፉ ሰዎች ኖውሌጅ ትሬሲንግ ይሉታል። ተማሪው በሰጣቸው መልሶች ላይ ተመስርቶ፣ አሁን ምን ምን እንደሚያውቅ በየጥያቄው እየገመቱ መሄድ ማለት ነው። ከሁሉም የሚታወቀውን ዘዴ አልበርት ኮርቤት እና ጆን አንደርሰን የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አቀረቡት። እኔ እስካሁን የምወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ክህሎት የሚይዘው አራት ቁጥር ብቻ ነው። ተማሪው ገና ሳይጀምር የማወቅ ዕድሉ፣ አንድ ጥያቄ ሰርቶ የመማር ዕድሉ፣ ሳያውቅ ገምቶ የማግኘት ዕድሉ፣ እያወቀ የመሳሳት ዕድሉ። አለቀ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው ልቤን የሚገዙት፣ ምክንያቱም ሞዴሉ ገና ሲጀምር «ትክክለኛ መልስ ሊያታልለኝ ይችላል» ብሎ ነው የሚነሳው።

በቁጥር እንየው። ክፍልፋይ መደመርን የማወቅ ዕድሉ 40 በመቶ የሆነ ልጅ አለ እንበል። ገምቶ የማግኘት ዕድሉ 20 በመቶ፣ እያወቀ የመሳሳት 10፣ ከአንድ ጥያቄ የመማር ደግሞ 20። በትክክል ከመለሰ ግምታችን ወደ 75 ይወጣል፣ ጥያቄውን ሲሰራ ተምሮም ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ተጨምሮበት 80 ይሆናል። ከተሳሳተ ወደ 8 አካባቢ ይወርድና የመማሩ ዕድል ሲደመርበት 26 ገደማ ላይ ይቆማል። ስሌቱ በወረቀት ይሰራል። የተለመደው አሰራር ግምቱ 95 ሲደርስ «ችሎታል» ብሎ ወደሚቀጥለው ክህሎት ማሳለፍ ነው።

ችግር የለበትም አላልኩም። የመጀመሪያው ሞዴል መርሳት የሚባል ነገር አያውቅም፣ አንዴ ያወቀ ለዘላለም አወቀ። ጀርመናዊው የስነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ መርሳትን በሙከራ ለክቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 መሆኑን ሳስብ ትንሽ ይገርመኛል። ሌላም ጉድ አለ። አራቱን ቁጥሮች ያለ ገደብ ከዳታ እንዲማር ከለቀቃችሁት የመገመት ዕድል 60፣ የመሳሳት ዕድል 50 ብሎ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱ ተደምረው ከ100 ካለፉ በትክክል የመለሰ ልጅ ግምቱ ይወርድበታል! ግን ልብ በሉ፣ ይሄን ጉድ ቁጥሮቹን በማየት ብቻ ያዝነው።

ከዚያ ዲፕ ለርኒንግ መጣ፣ ኒውራል ኔትወርክ በሚባሉ እርስ በርስ የተያያዙ ብዙ ቁጥሮችን ከዳታ በሚማሩ ሞዴሎች የሚሰራው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ክሪስ ፒች እና ባልደረቦቹ ከስታንፎርድ ሆነው የተማሪውን የመልስ ታሪክ በሙሉ ለኒውራል ኔትወርክ ሰጡት፣ ውጤቱም የድሮውን ሞዴል በሰፊው የበለጠ መስሎ ታየ። ሁሉም ወደዚያ ጎረፈ። በዓመቱ ግን ነገሩ መቀዝቀዝ ጀመረ። ለማወዳደሪያ ከዋሉት ዳታዎች አንዱ የተደጋገሙ መዝገቦች እንዳሉበት ታወቀ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ለድሮው ሞዴል መርሳትንና ጥቂት ሌሎች ነገሮችን ሲጨምሩለት ከአዲሱ ጋር እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ እንደሚተነብይ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዲያውም ኒውራል ኔትወርኩ ተማሪው በትክክል ሲመልስ ግምቱን የሚቀንስበት ጊዜ እንዳለ አነሳ። ያው የቅድሙ ጉድ ነው፣ አሁን ግን ምክንያቱን ከየት ታገኙታላችሁ? በሺዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮች ውስጥ ተበትኗል።

ደግሞ እነዚህ ሞዴሎች በአብዛኛው የሚሰለጥኑት የሚቀጥለውን መልስ እንዲተነብዩ ነው። የሚቀጥለውን መልስ መተንበይና ልጁ ምን እንደሚያውቅ መናገር አንድ አይደሉም። በመማሪያ አፕ ላይ ፍንጭ የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ ተጭኖ መልሱ ራሱ እስኪወጣለት የሚጠብቅ ተማሪ አለ (ብልጥ ነው፣ አልፈርድበትም)። ስርዓቱ ያንን እንደ ስህተት ቢቆጥረው ልጁ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር አያውቅም ይላል፤ እንደ ትክክል ቢቆጥረው ደግሞ ያልሰራውን ሰራ ይላል። ስልተ ቀመሩ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ይሄንን መጀመሪያ የሚወስነው ዳታውን ያዘጋጀው ሰው ነው።

ስለዚህ ተማሪው ምን እንደሚያውቅ የሚገምት አፕ ሲያጋጥመኝ የትንበያው ትክክለኛነት ስንት በመቶ ነው ብዬ አልጀምርም። «ችሎታል» ያለውን ክህሎት ከሳምንታት በኋላ መልሶ ይጠይቃል ወይ? 95 የሚለው ቁጥር ከየትኞቹ መልሶች እንደመጣ አስተማሪው ማየት ይችላል? አስተማሪው «የለም፣ ይሄ ልጅ ገና አልገባውም» ቢል የሚሽርበት ቁልፍ አለው? ቁጥሩን ለተማሪው ማሳየት ግን ብዙም አይጥመኝም። ልጁ ክፍልፋዩን ትቶ ቁጥሩን ማሳደድ ይጀምራል፣ ያኔ ሞዴሉም የሚለካው ሌላ ነገር ይሆናል።