የተሰበረው ግራው ነው እኮ!

ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከበቅሎ ወድቀው ግራ ጭናቸው የተሰበረ አንድ አባት ኦአር (ቀዶ ጥገና ክፍል) ገቡ። ስፓይናል (በወገብ በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ የሚወጋ ማደንዘዣ) እጄ ላይ የገባ ሥራ ስለሆነ ብዙም አላሳሰበኝም።

ቁጭ በሉ ብንላቸው አልቻሉም፤ ጭኑ በተነካ ቁጥር ይጮኻሉ። በደህናው ጎናቸው፣ በቀኝ አስተኝቼ መርፌውን አስገባሁ። የጠራ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ሲል ቡፒቫኬይን ከሚባለው ማደንዘዣ ሄቪውን (ከባዱን) 3 ሚሊ ሊትር ሰጠሁ፤ 15 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ሰርጂኑ ገና እጁን እየታጠበ ነበር። ሕመማቸውን ላለመቀስቀስ ብዬ ዐሥር ደቂቃ ያህል እዚያው ጎናቸው ላይ ተውኳቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ።

በጀርባቸው ካስተኛናቸው በኋላ ስፒሪት የነካ ጥጥ ይዤ ቀኝ እግራቸውን ዳሰስኩ። (የስፓይናል አባት የሚባለው ጀርመናዊው ቢየር በአውሮፓውያኑ 1898 ረዳቱን ካደነዘዘ በኋላ የፈተነው ቅልጥሙን በመዶሻ እየመታ ነው። እኛ እንኳ ተሻሽለናል።)

"ይቀዘቅዛል አባቴ?"

"ምንም።"

ግራውን ስነካ ጣቶቻቸው ተንቀሳቀሱ። "ኧረ ይቀዘቅዛል! ልጄ፣ የተሰበረው ግራው ነው እኮ!"

ሲኒየሬ መጣ። አንድም ቃል ሳይናገር ባዶውን የመድኃኒት ብልቃጥ አንስቶ ጽሑፉን ወደኔ አዞረው። ለፈተና የሸመደድኩት ነው፦ በአንድ ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም ግሉኮስ አለበት፣ ከአከርካሪ ፈሳሽ ይከብዳል፣ ይዘቅጣል። ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው አተላ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል? ታች የነበረው ደህናው እግር ነው፤ መድኃኒቱም እዚያ ተኛ።

አልጋውን ወደ ግራ አዘንብለን ጠበቅን። ጉልበታቸው ድረስ ትንሽ ደነዘዘ፣ ጭኑ ግን እምቢ አለ። በመጨረሻ ሙሉ ማደንዘዣ ሰጠናቸውና ሥራው በሰላም አለቀ።

ያን ዕለት የሚያስፈልገኝ ፕሌኑ ቡፒቫኬይን ነበር። መጠኑ ያው 5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ ግሉኮስ ግን የለውም። በሰውነት ሙቀት ከአከርካሪ ፈሳሽ በጥቂቱ እንኳ ይቀላል፣ ስለዚህ ላይ የቀረውን የተሰበረውን እግር ጥሎ አይወርድም። እግር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሄቪው ረዘም ይላል። ሄቪውን አልጠላሁትም፤ በሚታከመው ጎኑ መተኛት ለሚችል የቁርጭምጭሚት በሽተኛ በትንሽ መጠን ያንን እግር ብቻ ለይቶ ያደነዝዝልኛል። ሌላውን ማደንዘዣ፣ ሊዶካይንን ግን ትቼዋለሁ። ቶሎ ያልቃል፤ ከዚያም በማግስቱ "ቂጤንና ጭኔን አመመኝ" የሚል በሽተኛ ያመጣብሃል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ የጭን ስብራት መጣና መድኃኒት ክፍል ሄጄ ፕሌን ጠየቅኩ። ልጁ የሄቪ ካርቶን አውርዶ፣ "ሁለቱም ቡፒቫኬይን አይደል እንዴ?" አለኝ።