ሰዓቱ እየቆጠረበት
ዛሬ ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ፣ ሞሃቬ በረሃ ላይ በሰዓት የሚለካ የሞተር ሳይክል ውድድር ገብቼ ነበር። በየደቂቃው አንድ ሰው ይለቀቃል። የኔዋ ሆንዳ ሲአርኤፍ 300ኤል ናት። 142 ኪሎ፣ ከቀላሎቹ አንዷ። አሸዋ ውስጥ ስትወድቅ ግን አልነሳ አለችኝ።

ከኋላዬ የተለቀቁት ሽማግሌ ደርሰው ቆሙ። ሰዓቱ እየቆጠረባቸው! መጀመሪያ መሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ ተጫኑ። ከዚያ ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጥተው፣ በእግራቸው ጉልበት ቀስ አድርገው አቆሟት። "ጎማህ ጠጥሯል፣ ትንሽ አየር ቀንስለት" ብለውኝ ሄዱ። ተንበርክኬ ቀነስኩለት። ጎማው ሰፋ ብሎ አሸዋውን ያዘ።

አገር ቤት መኪና ጭቃ ሲይዘው አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይገፋል። ውድድር መሀል ይገጥመኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። ማታ የውጤት ዝርዝሩን ሳይ ዓይኔ የሳቸው ሰዓት ላይ ቀረ። እዚያ ውስጥ የኔ ደቂቃዎች አሉ።