የትዕዛዝ ደብተሬና የኤምኤስ ምርመራዬ

ኤምኤስ፣ በሙሉ ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የነርቭ በሽታ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት በቀይ ክር ላይ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ጥር 2010 መጀመሪያ ላይ፣ ለጥምቀት የታዘዘ ቀሚስ ይዤ ሳለ፣ ቀዩ ክር ደብዝዞ ታየኝ። ፀሐይ የመታው መስሎኝ ሌላ ጥቅል አወጣሁ። ያም ያው ነው። ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን ክሩ ደም ይመስላል። ግራዬን ስሸፍን ደግሞ ታጥቦ ታጥቦ የለቀቀ ጨርቅ ይሆናል። ቀኝ ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ከውስጥ ይወጋኛል።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ መነጽር ታዘዘልኝ። መነጽሩ ምንም አልለወጠም። ግን በአምስት ሳምንት ውስጥ ዓይኔ በራሱ ተመለሰ። ተመለሰና ረሳሁት። ሚያዝያ ላይ የከተማችን ሙቀት ሲበረታ፣ የከሰል ካውያ አጠገብ ስቆም ያ ዓይኔ እንደገና ይጋረድብኝ ነበር። ወጣ ብዬ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ሲነካኝ ይለቀኛል። ድካም ነው አልኩ።

ጥቅምት 2011 ላይ እግሮቼ ደነዘዙ። ከጣቶቼ ተነሥቶ በአራት ቀን ወገቤ ደረሰ። ስራመድ ጥጥ የምረግጥ ይመስለኛል። ወደ ስፌት መኪናው ጎንበስ ስል ከአንገቴ እስከ ወገቤ ኮረንቲ ይወርዳል። ሽንት ሲመጣ ደግሞ ለደቂቃ አያስታግስም። ይህንን የመጨረሻውን ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም።

እናቴ «የሰው ዓይን ነው ልጄ» ብላ ጠበል ወሰደችኝ። ቀዝቃዛው ጠበል ሲፈስብኝ እግሬ ለጥቂት ጊዜ ቀለል አለኝ። ዛሬም እጠመቃለሁ። ሐኪሙም በኋላ «ጠበሉን አትተዪ፤ ምርመራውንም አታቋርጪ» አለኝ። ቢቃወመኝ ኖሮ ተመልሼ የምሄድ አይመስለኝም።

ሐኪሙ የነርቭ ስፔሻሊስት ነው። ከመዶሻውና ከመብራቱ በፊት በጥያቄ ነው የጀመረው። መቼ ጀመረሽ? ስንት ቀን ቆየ? ሙሉ በሙሉ ለቀቀሽ? ከዚህ በፊት ሌላ ነገር ነበረሽ? እኔ «ከትንሽ ጊዜ በፊት» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ዓይኔንማ አላነሣሁትም። ለእግር ሄጄ ስለ ዓይን ምን አወራለሁ?

እሱ ግን በትንሽ መብራት ሁለቱን ዓይኖቼን እያፈራረቀ አየ። መብራቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር የቀኙ ብሌን በመጥበብ ፈንታ ሰፋ። «ይህ ዓይን ታሞ ያውቃል?» አለኝ። ያን ጊዜ ቀዩ ክር ትዝ አለኝ።

ቤት ስገባ የትዕዛዝ ደብተሬን አወጣሁ። ልኬት፣ ቀብድ፣ የማስረከቢያ ቀን የምጽፍበት ደብተር ነው። የጥምቀቱን ቀሚስ ቀን አገኘሁ። «ዓይኔ እስኪሻለኝ» ብዬ ማስረከቢያውን ያራዘምኩለት የሠርግ ልብስም አለ። ጥቅምት ላይ እግሬ ሲደነዝዝ የመለስኩት ቀብድም ተጽፏል። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጬ ወሰድኩለት። ስለ ሽንቱም ጻፍኩት፤ በአፌ ለማለት አፍሬ ነበር። እሱን ሲያነብ «ይህ ሕብለ ሰረሰር ላይ ያለ ነገር ነው» አለ።

ቀኑ ለምን እንደሚያስፈልገው ያስረዳኝ ያኔ ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስን ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በ1868 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ገልጾታል። እስከ ዛሬ ግን ብቻውን «ይኸው» የሚል የደም ምርመራ የለውም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የነርቮችን ሽፋን፣ ማይሊንን፣ ያጠቃል። ልክ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲኩ ሲላጥ እንደማለት ነው። ሐኪሙ ያኔ ጉዳቱ ከአንድ ቦታ በላይ መሆኑን፣ ከአንድ ጊዜ በላይ መድረሱንም ማሳየት ነበረበት። ሐኪሞች ኤምኤስን የሚለዩበት፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውና በ2017 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የማክዶናልድ መመዘኛ ይጠይቅ የነበረው ይህንን ነው። አንድ ጥቃት ለመባል ያለ ትኩሳት ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ቢያንስ 30 ቀን ይርቃል። የእኔ ዓይንና ሕብለ ሰረሰር ሁለት ቦታ ናቸው። ጥርና ጥቅምት ሁለት ጊዜ። የሚያዝያው መጋረድ ግን አልተቆጠረም፤ ሙቀት የድሮውን ጠባሳ ሲቀሰቅሰው እንጂ አዲስ ጥቃት አይደለም።

ያም ሆኖ ሌላው ሁሉ መጣራት ነበረበት። ቫይታሚን ቢ12፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ ታየልኝ። የቢ12 እጥረት ብቻውን እግር ያደነዝዛል፤ እሱ ቢሆን ብዬ ተመኝቻለሁ። የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳየውን ኤምአርአይ አዲስ አበባ ተነሣሁ። ማሽኑ ይጮኻል እንጂ አያምም። አንጎሌ ውስጥና አንገቴ ላይ ጠባሳ ታየ። በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም አንዱን አበራው፤ የቀሩት አልበሩም። የሚበራው አዲስ ነው፤ የማይበራው የቆየ። ለምርመራ ከወገብ ፈሳሽ መውሰዱን ፈርቼው ነበር። ከሱ ይልቅ የከፋኝ በማግስቱ የመጣው ራስ ምታት ነው።

የበሽታዬን ስም ስሰማ አለቀስኩ፤ ከዚያ ግን ተኛሁ። ለወራት እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

የነርቩን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት፣ ስቴሮይድ፣ ለ5 ቀን በደም ሥር ተሰጠኝ። አሁን ጥቃት እንዳይደጋገም የሚያግዝ መድኃኒት ላይ ነኝ። ምልክቶቼን ራሴም እመዝናለሁ። ሐኪሞች በሽተኛን 7.62 ሜትር አራምደው በሰከንድ ይለካሉ። እኔ ኮሪደራችንን በስፌት ሜትሬ ለክቼ ሁለቱን ጫፍ በኖራ አሰመርኩ። እህቴ በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። በየወሩ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ያንኑ ጫማ አድርጌ። ከተለመደው በ20 በመቶ ከዘገየሁ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። ዓይኖቼን ደግሞ በየተራ እየሸፈንኩ ያንኑ ቀይ ክር አያለሁ።

አንድ ምልክት ሲመጣ መጀመሪያ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥቼ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። በሰዓታት ከለቀቀኝ ሙቀቱ ነው። በማግስቱም ካለ እደውላለሁ። ይህንን ባላውቅ በየሚያዝያው ሆስፒታል እመላለስ ነበር።

ድካሙን ግን ምንም ሰዓት አይለካውም። ሰውም አያየውም። «ደህና ትመስያለሽ እኮ!» ይሉኛል። ስለዚህ በደብተሬ ጠርዝ ላይ በቀን ስንት ሰዓት እንደሰፋሁ እጽፋለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ መጥታ «አንድ ዓይኔ ከሰነበተ ደበዘዘብኝ፤ ሳዞረው ያመኛል» አለችኝ። ሜትሩን አስቀምጬ ክሩን አወጣሁ። በየተራ እንድትሸፍን ነገርኳት። ልዩነቱን ስታይ ዝም አለች። ኤምኤስ ነው አላልኳትም፤ የዓይን ነርቭ በብዙ ምክንያት ይታመማል። የጀመራትን ቀን በወረቀት ጻፍኩላትና በማግስቱ አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን።