መድበል የሌለው የወንጀል ሕግ፦ እንዴት አጠናሁት?

አዲስ አበባ ሕግ ተምሬ ነው ለንደን የገባሁት። እዚህ በጥብቅና ለመሥራት ኤስኪውኢ የሚባለውን ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። የመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ 180 የምርጫ ጥያቄ አለው። የወንጀል ሕግ በሁለተኛው ወረቀት ይመጣል።

መጀመሪያ የፈለግኩት የወንጀል ሕጉን መጽሐፍ ነበር። እንደ እኛ የ1996ቱ ሕግ አንድ ጥራዝ ገዝቼ ልቀመጥ። የለም! ስርቆት በ1968 የወጣ አዋጅ ውስጥ ነው (ይህና ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የአካል ጉዳት ዛሬም በ1861ዱ አዋጅ ይዳኛል። ግድያን የሚተረጉም አዋጅ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ትርጉሙ የሚጠቀሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ዳኛ ከኤድዋርድ ኮክ ነው። የሕግ ኮሚሽኑ በ1989 አንድ ወጥ ረቂቅ አዘጋጅቶ ነበር፤ ፓርላማው ግን አላጸደቀውም።

ስለዚህ አንቀጽ መሸምደዱን ትቼ የጥያቄ ቅደም ተከተል ያዝኩ። ምን አደረገ? ምን አስቦ? ሁለቱ በአንድ ጊዜ ተገናኝተዋል? ከዚያ መከላከያ አለው? የእኛ አንቀጽ 23 ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገር የሚለውን የተማረ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። የቀረውን ያስተማሩኝ የፍርድ ታሪኮቹ ናቸው። ፋጋን የሚባል ሰው መኪናውን ሲያቆም ጎማው የፖሊስ እግር ላይ ወጣ። ምናልባት ሳያስበው ነው። “አንሣልኝ” ሲባል ግን ሞተሩን አጥፍቶ ተቀመጠ። ጠበቃው “ሲነዳ ሐሳቡ አልነበረውም፣ ሐሳቡ ሲመጣ ደግሞ ምንም አላደረገም” አለ። ብልጥ ክርክር ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ድርጊቱ ጎማው እስኪነሣ ድረስ የቀጠለ ነው ብሎ ዘጋው። ዋይት ደግሞ እናቱ መጠጥ ውስጥ መርዝ ጨመረ። እናትየው ሞቱ፤ የገደላቸው ግን የልብ ሕመም ነበር። በ1910 የተፈረደበት በግድያ ሙከራ ነው። መንስኤና ውጤት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስታወሻ አላገኘሁም።

በጣም ያደከመኝ የመከላከያው ክፍል ነው። መነሻው የ1935ቱ የዉልሚንግተን ጉዳይ ነው። ባል ሚስቱን በጠመንጃ ገደለ፤ “ሳላስበው ባረቀብኝ” አለ። የሥር ዳኛው ይህን እሱ ራሱ ያስረዳ ብለው ነበር። ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ፍርዱን ሻረው፦ ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው። ራስን መከላከልም እንዲሁ ነው። ተከሳሹ ጉዳዩን የሚያስነሣ ማስረጃ ካለው፣ ማፍረስ ያለበት ዐቃቤ ሕጉ ነው። በ1843ቱ ደንብ ዕብደትን፣ በ1957ቱ አዋጅ የተቀነሰ ኃላፊነትን (በአእምሮ ችግር ምክንያት ኃላፊነቴ ያንሳል ማለትን) የሚያነሣ ተከሳሽ ግን ራሱ ያስረዳል፤ ያውም ሚዛን በደፋ ማስረጃ ብቻ። ይህን በሁለት ዓምድ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ፈታኞች እዚህች ጋ መጠምዘዝ ይወዳሉ።

አብራኝ የምታጠና ሐበሻ ልጅ ነበረች። ዱድሊ እና ስቲቨንስ ጋ ስንደርስ ተጣላን ማለት ይቻላል። በ1884 መርከባቸው ሰጥማ፣ ባሕር ላይ በረሃብ ሲያልቁ፣ የደከመውን የ17 ዓመት ልጅ አርደው በሉ። ችግር ለግድያ መከላከያ አይሆንም ተባለ። የሞት ፍርዱ በኋላ ወደ ስድስት ወር እስር ተቀየረ። በ1987ቱ የሃው ጉዳይም “ካልገደልክ እንገድልሃለን” የተባለ ሰው እንኳ በዛቻው ማምለጥ አይችልም ተብሏል።

“ታዲያ ዝም ብሎ ይሙት ነው የሚሉት?” አለችኝ።

“አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚሉት” አልኳት። እኔም አልዋጥ ብሎኛል። ፈተናው ላይ ግን የእኔን ስሜት የሚጠይቅ የለም።

አንድ ነገር ግን ቀድሞ ቢነገረኝ ደስ ይለኝ ነበር፦ ፍርድ ቤት ገብቶ መቀመጥ። ነጻ ነው፤ ማንም ሰው ይገባል። አብዛኛው የወንጀል ክስ የሚያልቀው ማጅስትሬት በሚባለው የታችኛው ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ሰው የበላ መርከበኛ የለም። ከሱቅ ዕቃ ወስዶ “ልከፍል ነበር” የሚል አለ። ከ2017 ወዲህ ጥያቄው ሁለት ነው፦ ሰውዬው በእርግጥ ምን ያውቅ፣ ምን ያምን ነበር? ይህን እያወቀ ያደረገው በተራ ጨዋ ሰው ዓይን ማጭበርበር ነው? ብዙ ጊዜ የሚፈርዱት ሦስት ሰዎች በሙያ ዳኛ አይደሉም፤ ደመወዝም የላቸውም። ሕጉን የሚነግራቸው አማካሪ አብሯቸው አለ። ይህን ካየሁ በኋላ መልመጃ ስሠራ መልሴን ለእነሱ እንደማስረዳ ጮክ ብዬ መናገር ጀመርኩ። ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም።