ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ በክሬዲት ሪፖርት ላይ የሚቀረው

በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ መሠረት ዕዳው የተነሳለት ሰው ብዙውን ጊዜ ከፍርድ ቤት የመጣለትን የዲስቻርጅ ትእዛዝ መሳቢያ ውስጥ ከቶ ጉዳዩ አለቀ ብሎ ይቀመጣል። ትእዛዙ ያነሳለት ግን የመክፈል ግዴታውን ነው እንጂ የሰውን የብድርና የክፍያ ታሪክ በሚመዘግቡት ሦስት የክሬዲት ድርጅቶች፣ በኢኩፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን ዘንድ ያለውን መዝገብ አላረመለትም፤ ይህ የፍርድ ቤቱ ሥራም አይደለም። እኔ በሜሪላንድ የግብር ሰነድ የማዘጋጅ ሰው እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ነገር ግን ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ የሚመጡ ደንበኞች ከደመወዝ ማስረጃቸው ጋር ያልከፈቷቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ በፌስታል ይዘው ስለሚመጡ፣ ባንክራፕሲ ፋይል ያደረጉ (በፍርድ ቤት ኪሳራ ያስመዘገቡ) ብዙ የአገሬ ልጆችን ሪፖርት አብሬ የማንበብ ዕድል አግኝቻለሁ። ከዚህ ንባብ የተረዳሁት ነገር አንድ ነው፦ ሰዎች ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን የሚጨርሱት ሊጠፋ የማይችለውን የባንክራፕሲ መስመር ለማስጠፋት ሲሆን፣ ከእሱ በታች የተደረደሩትን፣ ሕጉ እንዲታረሙ የሚያዝዛቸውን የሒሳብ መስመሮች ግን ሳያዩአቸው ያልፋሉ።

ስለ ባንክራፕሲው መስመር የሚባለው አጭር ነው። በ1970 የወጣው የፌዴራሉ የክሬዲት ዘገባ ሕግ ባንክራፕሲ በሪፖርት ላይ እስከ 10 ዓመት እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ ቻፕተር 7 (ዕዳው ያለ ክፍያ ዕቅድ የሚነሣበት) ፋይል ከተደረገበት ቀን አንሥቶ ይህን ያህል ይቆያል፤ ቻፕተር 13 (በክፍያ ዕቅድ ለዓመታት እየተከፈለ የሚሄደው) ግን በሦስቱ ድርጅቶች አሠራር በ7 ዓመቱ ይነሣል። እውነተኛ መረጃ እስከሆነ ድረስ ጊዜው ሳይደርስ የሚያስነሣ መብት የለም። አንዳንድ «ክሬዲት አስተካካዮች» ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ጽፈው «መረጃ ለክሬዲት ድርጅቶች አንሰጥም» የሚል መልስ ካገኙ በኋላ፣ ያንን መልስ ለኤክስፔሪያን ልከው መስመሩ እንዲሰረዝ ይጠይቃሉ። ፍርድ ቤቱ የሚናገረው እውነት ነው፤ የክሬዲት ድርጅቶቹ ማንም ሰው ሊያየው ከሚችለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ በመረጃ ሻጮች በኩል ይወስዱታል እንጂ ፍርድ ቤቱ አይልክላቸውም። ስለዚህ ያ ደብዳቤ መዝገቡ ሐሰት መሆኑን አያስረዳም።

ሥራው ያለው ከዚህ መስመር በታች ነው። በቻፕተር 7 ዲስቻርጅ የሆነ እያንዳንዱ ሒሳብ ቀሪ ዕዳውም ሆነ ጊዜው ያለፈበት ክፍያ ዜሮ ሆኖ፣ በባንክራፕሲ መካተቱም ተጽፎበት መታየት አለበት። ፋይል ከመደረጉ በፊት የዘገዩ ክፍያዎች እውነት ከሆኑ ግን እንዳሉ ይቆያሉ፤ እነሱን ለማስፋቅ መከራከር ትክክለኛውንም ክርክር ያዳክማል። በተግባር የሚገጥመው ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱ የክሬዲት ካርድ ቻርጅ ኦፍ (አበዳሪው አይከፈልም ብሎ የመዘገበው) ተብሎ ሙሉ ቀሪ ዕዳው ተጽፎበት ይገኛል፤ ሌላው ከዲስቻርጁ በኋላ እንኳ በየወሩ «120 ቀን ያለፈው» እየተባለ ይመዘገባል፤ ሦስተኛው ለዕዳ ገዢ ድርጅት ተሽጦ በሌላ ስም እንደ አዲስ ኮሌክሽን (በዕዳ ሰብሳቢ እጅ ያለ ዕዳ) ብቅ ይላል። በ2008 በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት መሠረት ሦስቱ ድርጅቶች ከቻፕተር 7 በፊት የነበሩ ብዙ ዓይነት ዕዳዎችን እንደተነሡ ቆጥረው እንዲመዘግቡ ግዴታ ገብተዋል። ይህ ብዙ ስሕተት ቀንሷል፤ ሒሳቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚፈጠረውን ግን አላስቀረም።

ሪፖርቱ በስክሪን ላይ ብቻውን ሲታይ ስሕተቱ አይገለጥም። ባለጉዳዩ ፋይል ሲያደርግ ጠበቃው ለፍርድ ቤቱ ያስገባቸውን የአበዳሪዎች ዝርዝሮች፣ ማለትም መያዣ ያላቸው ዕዳዎች የተጻፉበትን ስኬጁል ዲና የቀሩት የተጻፉበትን ስኬጁል ኢ/ኤፍ አውጥቶ፣ ከሦስቱም ሪፖርቶች ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት ይኖርበታል። ዝርዝሩ የጠፋበት ሰው ከጠበቃው ወይም ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ቅጂ ማግኘት ይችላል። ሪፖርቶቹን አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት በሚባለው፣ ሕጉ ባቋቋመው ድረ ገጽ በየሳምንቱ ያለ ክፍያ ማውጣት ይቻላል፤ ይህ አሠራር ከ2023 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል። ሦስቱንም ማውጣት ግድ ነው፤ አንዱ ጋ ዜሮ የሆነ ሒሳብ ሌላው ጋ አሥር ሺህ ዶላር ሆኖ ተቀምጦ ይገኛልና። አበዳሪዎች የሚያድሱትን እስኪያድሱ ከዲስቻርጁ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ወር ታግሦ ማየቱ የተሻለ ይመስለኛል።

ከሁሉም አስቀድሞ መታየት ያለበት ቀን ነው። አንድ ያልተከፈለ ሒሳብ በሪፖርት ላይ የሚቆየው ክፍያው መጀመሪያ ከተቋረጠበትና ከዚያ በኋላ ካልተስተካከለበት ጊዜ ተቆጥሮ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። ባንክራፕሲ ፋይል ማድረግ ይህን ቆጠራ እንደገና አያስጀምርም፤ ዕዳው መሸጡም አያስጀምረውም። ዕዳ ገዢው የገዛበትን ቀን እንደ መጀመሪያ ቀን አድርጎ ከመዘገበ መስመሩ ለዓመታት ይራዘማል፤ ይህም ሕገ ወጥ ነው። በአግባቡ ከተመዘገበ ብዙዎቹ አሮጌ ሒሳቦች ከቻፕተር 7 መስመሩ ቀድመው ይጠፋሉ።

በእኛ ሰው ሪፖርት ላይ የሚበዛ አንድ ችግር ደግሞ የስም ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገብ፣ የአባታቸው ስም የተገጣጠመ የማይተዋወቁ ሰዎች ይበዛሉ፤ አንዱ ስምም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት መንገድ ይጻፋል። በዚህ ምክንያት የሌላ ሰው ኮሌክሽን፣ አልፎ አልፎም የሌላ ሰው ባንክራፕሲ፣ በማያውቀው ሰው ፋይል ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። የባንክራፕሲ መስመርን ማስነሣት የሚቻለው እንዲህ ያለው ሲያጋጥም ነው፤ የመዝገብ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ስለሚያውቅ ማስረጃው ከባድ አይደለም። ባል ብቻውን ፋይል ካደረገም የሚስት ሪፖርት ላይ ባንክራፕሲ ሊጻፍ አይገባም፤ በጋራ የተፈረመው ዕዳ ግን በእሷ ላይ እንዳለ ይቀራል።

የዋስ ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ እዚህ ላይ በቤተሰብ መካከል መቀያየም ሲፈጠር አይቻለሁ። አዲስ ለመጣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ የመኪና ብድር ኮሳይን ማድረግ በመካከላችን የተለመደ ነው። ያ ዘመድ በቻፕተር 7 ነጻ ሲወጣ ዋሱ አብሮ አይወጣም፤ አበዳሪው ወደ ዋሱ ይዞራል፤ በዋሱ ሪፖርት ላይ የሚታየው ቀሪ ዕዳም ትክክለኛ ነው። «ባንክራፕሲ ተደርጓል» ብሎ መከራከር ዋሱን የትም አያደርሰውም። በቻፕተር 13 ለግል ፍጆታ በተወሰደ ዕዳ ላይ ዋሱ የክፍያ ዕቅዱ እስካለ ድረስ በመጠኑ ይጠበቃል፤ ይህንንም ጠበቃን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሁሉም ዕዳ እንደማይነሣም መታወስ አለበት። የልጅ ቀለብ፣ የቅርብ ዓመታት የገቢ ግብርና፣ ልዩ ውሳኔ ካልተገኘ በቀር፣ የተማሪ ብድር አይነሡም፤ ከእነዚህ በሪፖርት ላይ የተመዘገበ ካለም እንደ ዕዳ ቢቀጥል ስሕተት የለበትም። ሪአፈርም ተደርጎ ባለዕዳው ሊከፍለው እንደገና የፈረመበት የመኪና ብድርም ይቀጥላል። የቤቱን ብድር ሪአፈርም ሳያደርግ በየወሩ እየከፈለ የሚኖር ሰው ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ ባንኩ ብዙውን ጊዜ ክፍያውን ለክሬዲት ድርጅቶቹ ማስታወቅ ያቆማል። ሰውየው በታማኝነት እየከፈለ ምንም አለመመዝገቡ ያናድዳል። እንዲህ ያለው ሰው ቢያንስ የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ክፍያ የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት ቢያስቀምጥ ለወደፊቱ አበዳሪ ማስረጃ ይሆነዋል።

ስሕተቱ ከተለየ በኋላ ክርክሩ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። በድረ ገጽ ያለው ፎርም ፈጣን ቢሆንም ሐሳብን ከተዘጋጁ ምርጫዎች ውስጥ ስለሚያስገባ፣ እኔ በአደራ ፖስታ፣ መድረሱን ከሚያረጋግጥ ካርድ ጋር መላክን እመርጣለሁ። ደብዳቤው ሙሉ ስምን፣ አድራሻን፣ የባንክራፕሲውን የመዝገብ ቁጥር፣ የተሳሳተውን ሒሳብና ትክክለኛው ምን መሆን እንዳለበት ይዞ፣ የዲስቻርጅ ትእዛዙና ያ አበዳሪ የተጠቀሰበት የስኬጁል ገጽ ቅጂ ይያያዝበታል። ዋናው ሰነድ በፍጹም አይላክም። ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ፣ በአንዳንድ ሁኔታ በ45 ቀን፣ መርምሮ መልስ መስጠት አለበት፤ ሊያረጋግጠው ያልቻለውንም መሰረዝ ወይም ማረም ግዴታው ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ወደ ባንኩ ይደውላል። ባንኩ በስልክ «እናስተካክላለን» ይልና ወር ያልፋል፤ የባሰው ነገር ግን የሕግ መብት መቅረቱ ነው። በፌዴራሉ ሕግ አንድ ሰው መረጃውን የላከውን ባንክ ወይም ዕዳ ሰብሳቢ ስለ ምርመራው ጉድለት መክሰስ የሚችለው አስቀድሞ ክርክሩን በክሬዲት ድርጅቱ በኩል አቅርቦ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው መጀመሪያ ወደ ክሬዲት ድርጅቱ ይሄዳል፤ ለባንኩ የሚላከው ግልባጭ ነው። «ተረጋግጧል» የሚል መልስ ከመጣ ለሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ካልሆነም ጠበቃ አለ። ሕጉ ከሳሹ ሲረታ የጠበቃውን ክፍያ ተከሳሹ እንዲሸፍን ስለሚያደርግ፣ በዚህ ሥራ የተሠማሩ ጠበቆች ብዙ ጊዜ ከደንበኛው ቅድሚያ አይጠይቁም። አበዳሪው ዕዳውን በኃይል ለማስከፈል ከሞከረ ደግሞ ነገሩ የባንክራፕሲ ፍርድ ቤቱን ትእዛዝ መጣስ ስለሚሆን ወደዚያው መመለስ ይቻላል።

በራሴ ሙያ የማየውንም ላንሣ። ዕዳው ከተነሣ በኋላ አበዳሪው 1099-ሲ የተባለውን የተሰረዘ ዕዳ ቅጽ ይልክና ሰውየው «ግብር ክፈል ተባልኩ» ብሎ ይደነግጣል። በባንክራፕሲ የተነሣ ዕዳ እንደ ገቢ አይቆጠርም፤ ይሁን እንጂ ቅጹን ዝም ማለት አይገባም፤ ይህንኑ የሚያስረዳው ቅጽ 982 ተሞልቶ ከግብር ሰነዱ ጋር ካልተያያዘ፣ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ ገቢ ተደብቋል ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ክፍያ ተቀብለው ሪፖርት እናጸዳለን ስለሚሉት ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፦ በሕግ ሊያደርጉ የሚችሉት ሁሉ ባለጉዳዩ ራሱ በቴምብር ዋጋ ሊያደርገው የሚችለው ነው። በ1996 የወጣው ሕግ ሥራው ሳይሠራ አስቀድሞ ክፍያ መቀበልን ይከለክላቸዋል፤ የተፈረመውንም ውል በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ቅጣት ማፍረስ ይቻላል። በየማኅበራዊ መገናኛው በአማርኛ የሚያስተዋውቁት ሁሉ ይህን ሲናገሩ አልሰማሁም። እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም «የእኔ አይደለም» እያሉ መከራከር ለጊዜው መስመሮችን ሊያስጠፋ ቢችልም፣ ባንኩ ሲያረጋግጥ ተመልሰው ይገባሉ። በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ፋንታ ሌላ ዘጠኝ አሃዝ ሰጥተው አዲስ ክሬዲት ክፈት የሚሉት ደግሞ ደንበኛቸውን ወደ ወንጀል ነው የሚያስገቡት።

ከእርማቱ ጎን ለጎን አዲስ ታሪክ መጀመር አለበት። በአብዛኛው 200 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ተቀማጭ የሚጠይቅ፣ ለሦስቱም ድርጅቶች የሚመዘግብ ሴኪዩርድ ካርድ ይበቃል፤ ዕቁባችን ለክሬዲት ባይቆጠርም ያንን ተቀማጭ ለማጠራቀም ያገለግላል። በፋይኮ (የክሬዲት ነጥብ) ስሌት የክፍያ ታሪክ 35 በመቶ፣ የዕዳው መጠን 30 በመቶ ስለሚይዙ፣ ትንሽ ወጪ እያወጡ በሰዓቱ ሙሉውን መክፈል ዋናው ሥራ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው ስቴትመንቱ በሚዘጋበት ቀን እንጂ በመክፈያው ቀን ስላልሆነ፣ ከመዘጋቱ በፊት ዝቅ ማድረጉ ይጠቅማል።

ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው በኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ባለው) ብድር ከቻፕተር 7 ዲስቻርጅ በኋላ በመደበኛው 2 ዓመት፣ የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች በሚገዛው በፋኒ ሜይ ደንብ ደግሞ 4 ዓመት መቆየት ይኖርበታል። ጊዜው የሚቆጠረው ከዲስቻርጁ ቀን እንጂ ፋይል ከተደረገበት ስላልሆነ፣ ብዙዎች ጥቂት ወራት ቀድመው አመልክተው ይመለሳሉ። በስሕተት ዕዳ ያለበት ሆኖ የቀረ ሒሳብም የአመልካቹን ዕዳ ከገቢው ጋር ሲያነጻጽሩ ሊቆጠርበት ይችላል። ሪፖርቱን ማረም ያለበት ታዲያ ማመልከቻውን ከማስገባቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው፤ ክርክር ላይ ያለ ሒሳብ ሪፖርቱ ላይ ሲታይ አበዳሪዎች ብዙ ጊዜ ክርክሩ እስኪዘጋ ድረስ ማመልከቻውን ያቆዩታል።