196 ወይስ 804?

ከኮተቤ ወዲያ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ በማስተምርበት ጊዜ፣ የአጋማሽ ፈተና ውጤት በተለጠፈ ማግስት የቅሬታ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልለው ጠበቁኝ። ሁሉም የሚያነሡት አንድ ጥያቄ ነበር፦ በፒስተን የተዘጋ ጋዝ 500 ጁል ሙቀት ተቀብሎ፣ ሳይለዋወጥ በሚቆይ 1 አትሞስፌር የውጭ ግፊት ከ2 ሊትር ወደ 5 ሊትር ቢሰፋ፣ የውስጣዊ ኢነርጂው (በውስጡ ያለው ኢነርጂ) ለውጥ ስንት ነው?

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ግፊቱ በይዘቱ ለውጥ ሲባዛ 3 ሊትር-አትሞስፌር ይሆናል፤ አንዱ 101.3 ጁል ስለሆነ ጋዙ ፒስተኑን ሲገፋ የሠራው ሥራ 304 ጁል ያህል ነው። ጋዙ ፒስተኑን የገፋው ከራሱ ኢነርጂ አውጥቶ በመሆኑ ለውጡ 196 ጁል ነው። ቅሬታ ያቀረቡት ተማሪዎች ግን 804 ብለው ነበር።

የአንዲትን ተማሪ ወረቀት መስመር በመስመር ስመለከት ነገሩ ተገለጠልኝ። ሥራውን እንዳስተማርኩት ማይነስ 304 ብላ አስቀምጣለች፤ ከሥሩ ግን በእኔ «ሙቀት ሲደመር ሥራ» ፈንታ «ሙቀት ሲቀነስ ሥራ» የሚለውን የፊዚክስ ቀመር ተጠቅማለች። ሁለቱ ማይነሶች ተገናኝተው ፕላስ ሆኑ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ፊዚክስ መምህሩ ሄድኩ፤ በዕድሜም በአገልግሎትም ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩትና «ምልክቱን ካንተ፣ ቀመሩን ከእኔ ወስደው አዳቀሉት እኮ!» አሉኝ። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውዚዩስ በ1850 እ.ኤ.አ. ሙቀትን፣ ሥራንና ውስጣዊ ኢነርጂን የሚያያይዘውን ሕግ (የቴርሞዳይናሚክስን አንደኛ ሕግ) ሲያቀርብ የእንፋሎት ሞተር ጉዳይ በሐሳቡ ስለነበረ፣ ከጋዙ የሚገኘውን ሥራ ፕላስ አድርጎ መቁጠር በፊዚክስ ዘንድ የተለመደ ሆኖ ቆይቷል፤ ኬሚስትሪ ደግሞ ወደ ሲስተሙ (እዚህ ላይ ወደ ጋዙ) የሚገባውን ሁሉ ፕላስ፣ የሚወጣውን ማይነስ ይላል። ሁለቱም መንገዶች፣ ካልተደባለቁ፣ 196 ላይ ያደርሳሉ።

ስለዚህ ፕላስ 304ን ከ500 ለቀነሱት ሙሉ ነጥብ ሰጠን፤ 804 ላሉት የሥራውን ነጥብ ብቻ። «ልዩነቱን ማንም አልነገረን» የሚለው ክርክራቸው በከፊል እውነትነት ነበረው። ሆኖም 500 ጁል ተቀብሎ ከዚያው ላይ ሥራ የሠራ ጋዝ 804 ጁል ጨመረ ማለት፣ ከደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ከደመወዙ የሚበልጥ ገንዘብ ተረፈኝ እንደሚል ሰው ነውና፣ ቀመሩን ባያስታውሱ እንኳ መልሱ ራሱ ሊያጠራጥራቸው ይገባ ነበር።

ፈተናውን በክፍል ስንከልስ አንድ ልጅ ከኋላ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እዚህ እኛ ሰፈር ግፊቱ 1 አትሞስፌር ነው እንዴ?» አለ። አይደለም፤ በ2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ጥያቄውን ለቀጣዩ ዓመት ፈተና ስናዘጋጅ «በጋዙ ላይ የተሠራውን ሥራ ፕላስ አድርጋችሁ ቁጠሩ» የሚል መስመር ጨመርን፤ ግፊቱንም በሰፈራችን ተካነው። ሥራው ማይነስ 228፣ የውስጣዊ ኢነርጂው ለውጥ 272 ጁል ሆነ፤ ያለፈውን ዓመት መልስ ሸምድደው የመጡትም ወዲያው ታወቁ።